ካንጋተን እና ሃምሳ ከመቶ

«ፈተናው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ማለፊያው አንድ፤ ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ ትሻለህ?» ይለኛል አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ አንድ ወዳጄ።

ነገሩ እውነትነት አለው። ኩረጃ በነገሠበት ዘመን የለፋው ከሰነፈው፣ ያወቀው ከቀዳው አልለይ ብሎ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መባቻ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲፈተኑ ግን ገመናችን ተገለጠ፤ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደርሷል። የፈተናው ጥብቅነት እንዲላላ የሚሻ ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

ሆኖም «የወደቀ ሁሉ ሰነፍ ነው» የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ካንጋተንን አይቻታለሁ። ከጂንካ ቁልቁል ወርዶ ኦሞን የተሻገረ ሰው የሚያገኛት የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ናት። እዚያ የሚወለድ ልጅ አፉን የሚፈታው በኛንጋቶምኛ ነው፤ ቀጥሎ አማርኛን፣ ከዚያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጥበትን እንግሊዝኛ ይጋፈጣል። ድርቅ ሲበረታ ከብት ተከትሎ የሚሄደው እርሱ ነው። የወዳጄ ልጅ ግን እንግሊዝኛን ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ለምዷል፤ ማታ ማታም አስጠኚ አለው። ሁለቱ እኩል አርባ አምስት ቢያመጡ፣ የበለጠ የሮጠው ማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 መንግሥት በእድገት ወደኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ለአርብቶ አደር ልጆች ነጥብ ዝቅ ማድረግ ከዚሁ የመነጨ ነው። ግን ዘግይቶ የሚደርስ ድጋፍ ነው፤ የሚጠቅመው 12ኛ ክፍል ለደረሰ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የማካካሻ ትምህርትም በጎ ሐሳብ ሆኖ ሳለ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕዳ በአጭር ጊዜ አይከፈልም። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጂንካ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ለካንጋተን ልጅ በመቅረቡ ብቻ በሩን አይከፍትለትም፤ ተማሪ የሚመደበው ከመላ ሀገሪቱ ነውና።

«በቅናሽ የገባ ሐኪም እንዲያክምህ ትፈቅዳለህ?» ይለኛል ወዳጄ። መግቢያው ቢሰፋም መውጫው አንድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ያንን ያለፈ፣ የእናቶችን ሕመም በራሳቸው ቋንቋ የሚሰማ ሐኪም ለካንጋተን ማን ይተካላታል?

እንግዲህ ፈተናው ይጥበቅ፤ መንግሥት ግን መጽሐፉን፣ መምህሩንና አዳሪ ትምህርት ቤቱን ከፈተናው አስቀድሞ ያድርስ። ሳያስተምሩ መፈተን ፍትሕ ሊባል አይችልም።

ቸር ያሰማን።