ሳቁ ለሰው፣ እውነቱ ለቤት

ሐምራዊ ኮት የለበሰ፣ ረጅም ባርኔጣ የደፋ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ «እስቲ ደግሞ ያንተን እንስማ» በሚል ፈገግታ የሚመለከት ሰው ፎቶ በስልክዎ ደርሶዎት ያውቃል? እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን ስከታተል ደጋግሜ አየዋለሁ። ሰዎች የፈለጉትን ሽሙጥ ይጽፉበትና ይለቁታል። የሰውየው ስም ጂን ዋይልደር ነው። ፎቶው የተወሰደው በ1971 ከወጣው «ዊሊ ዎንካ ኤንድ ዘ ቸኮሌት ፋክተሪ» ከተባለው ፊልም ነው። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሳበኝ የፊልሙ ቢዝነስ ነበር። ገንዘቡን ያወጣው ክዌከር ኦትስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ሲሆን፣ ዓላማው በፊልሙ አዲስ ቸኮሌት ማስተዋወቅ ነበር። 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። ቸኮሌቱ እንደታሰበው አልሆነም፤ ፊልሙም በሲኒማ ቤት ያን ያህል ገቢ አላስገባም። በልጆች ዘንድ የተወደደው ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥንና በቪዲዮ ካሴት ነው። ቢዝነስ ስማር ምርቱ ወድቆ ማስታወቂያው ሃምሳ ዓመት የኖረበት ምሳሌ ያስተማረኝ አልነበረም።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ዋይልደር ሥራውን ለመቀበል ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ነው። ዎንካ መጀመሪያ ከሕዝብ ፊት ሲወጣ ከዘራ ይዞ እያነከሰ ይምጣ፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ይበል፤ ከዚያ ከዘራው መሬት ላይ ተሰክቶ ይቅርና እሱ ወደፊት ሲወድቅ ተገለባብጦ ይነሣ አለ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰውየው እውነት ይናገር ይዋሽ ማንም እንዳያውቅ ነው ብሎ መለሰ።

እኛ «ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን። ሆድ ሌላ፣ ጥርስ ሌላ። ዋይልደር ይህን የተማረው በቤቱ ነው።

የልደት ስሙ ጄሮም ሲልበርማን ነው። በሰኔ 1933 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋውኪ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ አባቱ ከሩሲያ የመጣ ስደተኛ ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ በሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት በጠና ታመመች። ሐኪሙም እናቱን እንዲያስቃት ነገረው። ልጁ ይህን እንደ ሥራ ያዘው። ድምፁን እየቀያየረ፣ እየተወነ ያስቃት ጀመር። በኋላ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን ያሳቀው ሰው የመጀመሪያ ተመልካች አንዲት የታመመች እናት ነበረች።

ቲያትር በአሜሪካና በእንግሊዝ ተማረ። ለውትድርና ሲጠራም በአንድ ወታደራዊ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል አገልግሏል። በዚያው ጊዜ፣ በ1957፣ እናቱ በኦቫሪ ካንሰር፣ ማለትም በሴት እንቁላል ማምረቻ ዕጢ ካንሰር ሞተች። ይህን የበሽታ ስም ያስታውሱልኝ፤ ተመልሶ ይመጣል።

በ1963 በብሮድዌይ ከተዋናይት አን ባንክሮፍት ጋር ሲሠራ፣ በኋላ ባሏ ከሆነው ከሜል ብሩክስ ጋር ተዋወቀ። ከዚህ ትውውቅ «ዘ ፕሮዲውሰርስ» የተባለው ፊልም መጣ፤ ዋይልደርም ለኦስካር ታጨበት። በ1974 የወጣው «ያንግ ፍራንከንስታይን» ሐሳቡ የራሱ የዋይልደር ሲሆን፣ ድርሰቱን ከብሩክስ ጋር ጽፎ በድጋሚ ለኦስካር ታጭቷል። እዚያ ውስጥ ዶክተሩና የፈጠረው ጭራቅ ሱፍ ለብሰው መድረክ ላይ የሚዘፍኑበትና የሚጨፍሩበት ትዕይንት አለ። ብሩክስ «ይሄማ ከንቱ ነው» ብሎ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። ዋይልደር ፊቱ እስኪቀላ ተከራከረለት። ብሩክስም እንዲህ የምትሟገትለት ከሆነ ይግባ ብሎ ተስማማ። ዛሬ ከፊልሙ በጣም የሚታወሰው ያ ትዕይንት ነው።

ከዚያም በ1979 በ«ዘ ፍሪስኮ ኪድ» ከፖላንድ ተነሥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚጓዝ ራቢ ሆኖ ተወነ። በ1980 ደግሞ ከሪቻርድ ፕራየር ጋር የሠራው «ስተር ክሬዚ» ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ብዙም ሳይቆይ በአንድ ፊልም ሥራ ላይ ከጊልዳ ራድነር ጋር ተገናኘ። እሷም አይሁዳዊት ኮሜዲያን ነበረች፤ በ«ሳተርደይ ናይት ላይቭ» አሜሪካን ያሳቀች። በ1984 ተጋቡ። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ጊልዳን ድካም፣ የሆድ ሕመምና ትኩሳት ያመላልሳት ጀመር። አሥር ወር ያህል ሐኪሞች ዘንድ ስትመላለስ ቆይታ በጥቅምት 1986 መልሱ ተገኘ፤ የኦቫሪ ካንሰር። በግንቦት 1989 በ42 ዓመቷ አረፈች። እናቱን የወሰደው በሽታ ሚስቱንም ወሰደ።

ዋይልደር ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ለእኔ ከፊልሞቹ ሁሉ ይበልጣል። በ1991 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ። የጊልዳ አያት፣ አክስትና የአክስት ልጅ በዚሁ በሽታ እንደሞቱና ሐኪሞቿ የቤተሰቧን ታሪክ በጊዜው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ቀድመው ሊደርሱባት ይችሉ እንደነበር ተናገረ። በዘር የሚተላለፈውን አደጋ የሚያመጡት ሁለቱ ዋና ጂኖች የታወቁት እሷ ከሞተች በኋላ በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ከምሥራቅ አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው አይሁዶች፣ አሽከናዚ ከሚባሉት፣ ከ40 ሰዎች አንዱ ያህል ይህን የጂን ለውጥ እንደሚሸከም ይታወቃል። በስሟም የካንሰር ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው የሚገናኙበት «ጊልዳስ ክለብ» ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው በ1995 በኒው ዮርክ ተከፈተ።

ይህን ባነበብኩ ሰሞን ለምርመራ ሄጄ ነርሷ «በቤተሰብ ካንሰር የነበረበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእናቴ ደወልኩ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷን ታማ ነበር። ‘ለልጆቹ አትንገሩ፣ ይጨነቃሉ’ እያለች ነው የሄደችው» አለችኝ። እኔ ሳድግ የሰማሁት አያቴ በድንገት እንደሞቱ ነው። የማስታውሳቸውም ቡና ላይ ቤቱን ሙሉ በሳቅ ሲያፈነዱት ነው። ያን ሁሉ ሲያስቁን ያማቸው ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ እሑድ ከእናቴና ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን በአንድ ደብተር ላይ ማን በምን እንደታመመ፣ በስንት ዓመቱ እንደሆነ ጻፍን። አንዳንዱን ስንጽፍ አለቀስን፣ አንዳንዱን ስንጽፍ ሳቅን። እናቴ ደብተሩን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ውጤቷ ደኅና ነው፤ ግን በየዓመቱ እንድትታይ ተነግሯታል።

ዋይልደር ራሱ በነሐሴ 2016 በ83 ዓመቱ ሲያርፍ ዓለም ያላወቀው ነገር ተሰማ፤ አልዛይመር ይዞት ኖሯል። ቤተሰቡ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በመንገድ ላይ «ዊሊ ዎንካ!» ብለው የሚጠሩት ትንንሽ ልጆች ስለ በሽታ እንዳይሰሙና በዓለም ላይ አንድ ፈገግታ እንኳ እንዳይጎድል ፈልጎ ነው አለ።

በመጀመሪያ ሳነበው ግራ ገባኝ። ለምክር ቤት «የቤተሰብን ታሪክ ጠይቁ» ያለ ሰው እንዴት በሽታውን ይደብቃል? ቆይቶ ግን ልዩነቱ ታየኝ። እሱ የደበቀው ከመንገድ ልጆች ነው፤ ሚስቱ ታውቃለች፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ የቅርብ ዘመዶቹ ያውቃሉ። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል። ጎረቤት ያውቃል፣ የዕድር ሰው ያውቃል፤ ልጅ አይሰማም፣ ለሐኪምም «ትንሽ ጨጓራ ነው» ይባላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቡና ላይ እናትዎን፣ አባትዎን፣ አክስትዎን ሦስት ነገር ይጠይቋቸው። አያቶቼ በምን ታመሙ? ስንት ዓመታቸው ነበር? ከእኅት ወንድሞቻችሁስ እንደዚያ የታመመ አለ? መልሱን ጽፈው ያስቀምጡት፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ።