ባትሪው የማን ነው?

ለንደን የምትኖረው ልጄ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ ስትለኝ መጀመሪያ ያስገረመኝ የዋጋው ማነስ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «እማዬ፣ ባትሪው እኮ የኔ አይደለም፤ በየወሩ እከራየዋለሁ» አለችኝ። መኪና ገዝቶ ባትሪ መከራየት! ለኔ በሬ ገዝቶ እግሩን እንደመከራየት ነበር።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ሬኖ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ዞኢ የምትባለውን ትንሽ መኪና እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ገደማ አውሮፓ ገበያ ላይ ሲያወጣ ሰዉ ባትሪውን ይፈራ ነበር። ዋጋው ውድ ነው፤ ቢደክምስ ማን ይተካዋል? ስለዚህ መኪናውን ሽጠው ባትሪውን አከራዩ። ኪራዩ በዓመት በሚነዳው ርቀት ይሰላል፤ የባትሪው አቅም ከ75 በመቶ በታች ከወረደ አከራዩ ይጠግናል ወይም ይለውጣል። መኪናው ሲሸጥም አዲሱ ገዢ የባትሪውን ኪራይ ውል ይፈርማል። ለሠርግ ለስላሳ በሳጥን ስንወስድ መጠጡ የኛ ሆኖ ጠርሙሱ የአከፋፋዩ እንደሚሆነው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ይኼ ጠርሙስ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

አምና አንድ የጭነት መኪና አደባባይ ላይ ከጎን ገጫት። የልጅ ልጄ ከኋላ ወንበሩ ላይ ታስሮ ነበር። በስልክ ደጋግሜ የጠየቅኋት ስለ እሱ ብቻ ነው፦ አስመለሰው? እንቅልፍ እንቅልፍ አለው? አንገቱን ያዞራል? ቀበቶው ያረፈበት ሆዱ ላይ ሰንበር አለ? ሐኪም አይቶት ደህና ነው እስኪባል ድረስ ስለ መኪናው አልሰማሁም ብል ይሻላል። እግረ መንገዴን ልናገር፦ የተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ሥር የሚታዩትን ወፍራም ብርቱካናማ ገመዶች አትንኩ። ባትሪው ከተመታ ደግሞ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም እሳት ሊነሳበት ስለሚችል፣ መኪናው ከቤትና ከሌሎች መኪኖች ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኢንሹራንሱ ገማች «ጥገናው ከዋጋው ይበልጣል፣ ካሳ ይከፈላት» አለ። ኢንሹራንስ ካሳ ከከፈለ ስብርባሪውን ይወስዳል፤ ደንቡ ነው። ነገር ግን ስብርባሪው ውስጥ የሌላ ሰው ንብረት አለ። አከራዩ ደብዳቤ ጻፈላት፦ ባትሪዬን መልሺ፣ አለዚያ ዋጋውን ክፈይ። የጠየቁት ገንዘብ ለመኪናው ሊከፈላት ከታሰበው ይበልጥ ነበር። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ በበኩሉ «ባትሪው ያንቺ ስላልሆነ እኛን አይመለከተንም» አላት። በዚህ መሐል የወር ኪራዩ ከባንክ ሒሳቧ መቆረጡን አላቆመም። የሌለ መኪና ባትሪ ኪራይ! ማታ ማታ ስትደውልልኝ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር፤ የቤት ኪራይም አለባት፣ የሕፃን መዋያም አለባት።

ነርሶች ስንሠለጥን አለቆቻችን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል ይሉን ነበር። እኔም የኢንሹራንስ ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቢው፣ ከዛሬ ጀምሮ በስልክ የተባለውን ሁሉ ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ያዢ አልኳት። በውሉ የቃላት ትርጉም ገጽ ላይ «መኪና» ማለት የተገዛም ሆነ የተከራየ ባትሪን ይጨምራል የሚል ተገኘ። ያንን ጠቅሳ አቤቱታዋን በጽሑፍ አስገባች። እንግሊዝ አገር ኢንሹራንስ ድርጅት ለአቤቱታ በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ፣ ወይም መልሱ ካላረካ፣ ደንበኛው የገንዘብ አገልግሎት ዕንባ ጠባቂ ዘንድ በነጻ ይሄዳል። እዚያ ሳትደርስ በስድስተኛው ሳምንት ተስማሙ። ድርጅቱ የባትሪውን ሒሳብ በቀጥታ ለአከራዩ ከፈለ፣ የመኪናውን ለእሷ ሰጠ። ካደጋው በኋላ ከተቆረጠው የሁለት ወር ኪራይ ግን የአንዱ ብቻ ነው የተመለሰላት፤ ሌላውን ደክሟት ተወችው።

ይኼ የእንግሊዝ ጣጣ ነው ትሉ ይሆናል። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ በየግቢው የቻርጅ ገመድ ተዘርግቷል። እኛ ጋ ባትሪው ከመኪናው ጋር ይሸጣል፣ «የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ግን በሌላ በር ይመጣል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ውሉ ላይ የባንኩ ስም ይሰፍራል፤ ካሳ ሲመጣ አስቀድሞ የሚደርሰው ለባንኩ ነው። ልጆቻችን በብድር ሲገዙ ይህን አውቀው ይግቡበት።

ከዚህም የሚያሳስበኝ የዋጋው ነገር ነው። በ2016 ሐምሌ የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ሌላ ሆኗል። መኪናው 4 ሚሊዮን ብር እያወጣ ውሉ ላይ የድሮው 2 ሚሊዮን ከቀረ፣ የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ ድርጅቱ በግማሹ አስልቶ 200 ሺህ ሊከፍል ይችላል፤ ከዚያም ላይ ባለመኪናው የሚሸፍነው ድርሻ ይቀነሳል። አረቦን ለመቆጠብ ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ እንደ ብልጠት ሲወራ ስሰማ እናደዳለሁ። ባትሪ ወለሉ ሥር የተቀመጠ ውድ ዕቃ ነው፤ የኛ መንገድ ድንጋይና ማፍጠኛ መስበሪያ ደግሞ የታወቀ ነው።

ጎረቤቴ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶላቸዋል። ይህን ሁሉ ካወራኋቸው በኋላ ለኢንሹራንሳቸው አራት ጥያቄ በደብዳቤ አስገቡ፦ ባትሪው ከሥር ቢመታ ትከፍላላችሁ? አዲስ ሲተካ በእርጅና ስንት ትቀንሳላችሁ? የክረምት ጎርፍ ቢገባበትስ? የቻርጅ ገመዱ ቢሰረቅ? መልሱ ማኅተም ተመትቶበት በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ ገመዱ ግን ተጨማሪ አረቦን ካልተከፈለበት አይሸፈንም ይላል። ማክሰኞ ሄደው ከፍለው መጡ።