የእማማ ወረቀትስ?

የባለቤቴ ቅድመ አያቶች የተጋቡት እዚሁ አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ማልደን በምትባል ትንሽ የወርቅ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቪክቶሪያ ከ1853 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋብቻን በመንግሥት ስለምትመዘግብ ወረቀታቸው ዛሬም አለ፤ የወላጆቻቸው ስም ሳይቀር ሰፍሮበታል። ሙሽራዋ ግን መጻፍ ስለማትችል በፊርማዋ ቦታ ያለው የኤክስ ምልክት ብቻ ነው። ልጄ ምልክቱን በጣቷ እየነካች፣ «የእማማ ወረቀትስ?» አለችኝ።

የለም። እናቴ ስትዳር የጻፈ ሰው አልነበረም። ደወልንላት። ዳሱን ዝናብ እንዳፈረሰው፣ ሚዜዎቹ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ እየሳቀች አወራችን። ልጄ ደብተሯን ይዛ «ዳስ ምንድን ነው?» ስትለኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ቃሉን ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን አላነሳሁትም! «ዳ»ን ጻፈች፣ «ስ» ጠፋባት፣ አሳየኋት።

እናንተስ፣ ማንን ትደውሉለታላችሁ? እኛ ቅዳሜ ከትምህርት መልስ እንቀጥላለን፤ ገና ጥሎሹ ጋ አልደረስንም።