ከደምበጫ ቡሬ በታጣፊ ብስክሌት

ጎማው 16 ወይም 20 ኢንች ብቻ የሆነ ታጣፊ ብስክሌት ለሰፈር እንጂ ለሩቅ መንገድ የሚሆን አይመስልም። ነገር ግን የፊት ጥርሱ ተለቅ ስለሚል የጎማውን ማነስ ያካክሳል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ጉድጓድ ለትንሽ ጎማ አይራራም።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ደምበጫ ሲነሱ መንገዱ ወደ ፍኖተ ሰላም ዝቅ ይልና ወደ ቡሬ መልሶ ይወጣል። በመስከረም ግራና ቀኙ የበቆሎ ማሳና አደይ አበባ ነው። ዳገቱ ልጆችን ካደከመ፣ ከባድ መኪናም ከበዛ፣ ብስክሌቱን አጥፎ ሚኒባስ ላይ መጫን ነው፤ ትልቁ ብልጫውም ይኸው ነው።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ነው። ቤተሰብ ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ግን ስሙ እውነት የሆነበት ቀን መሆኑን የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ።