እድራችን ኮምፒውተር ሲገባ እናቶችን የት እንጻፋቸው?

እድራችን መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እያዛወረ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር ማንንም አላጨቃጨቁም። ኮሚቴውን ያፋጠጠው «ዝምድና» የሚለው ዓምድ ነው።

ጭቅጭቁ ከንቱ አይደለም። የእድር ክፍያ እንደ ዝምድናው ይለያያል፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለእህት ወይም ለወንድም፣ ለአማት የሚሰጠውን ደንቡ ለየብቻ ያስቀምጠዋል። ደብተሩ ደግሞ አብዛኛውን ሰው «ከነባለቤቱ» ወይም «ከነቤተሰቡ» ብሎ አልፎታል። ጸሐፊው ሰፈሩን ስለሚያውቅ ችግር አልነበረም። ኮምፒውተር ግን ሰፈሩን አያውቅም።

አንዱ ሐሳብ «ባል፣ ሚስት፣ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ» እያሉ ዝርዝር ማውጣት ነበር። ጣጣው ብዙ ነው። ዝምድና ሁለት ጫፍ አለው፤ በአንዱ በኩል «አባት» ብትሉ በሌላው በኩል ያለው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። በአንድ ገጽ «ሴት» የተባለ ሰው በሌላ ገጽ «ባል» ሆኖ ቢገኝስ የቱን እንመን?

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ጾታ የሰውየው ወይም የሴትዮዋ መረጃ ነውና በራሳቸው ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። ዝምድናው «ወላጅ»፣ «ልጅ»፣ «የትዳር ጓደኛ»፣ «እህት ወይም ወንድም» ይባል። አጎትና አክስትን ማሽኑ ራሱ ከነዚህ ያወጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቪካርድ መስፈርት፣ ማለትም ስልኮች አድራሻ የሚለዋወጡበት ደንብ፣ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ለጾታ የራሱ መስመር አለው፣ «አይታወቅም» ማለትም ይቻላል። አፕል በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2019 የአይፎን አድራሻ መዝገብ ላይ የአጎትና የአክስት ልጆችን በእናት ወይም በአባት ወገን፣ በታላቅና በታናሽ፣ በወንድና በሴት የሚለዩ ረጃጅም መጠሪያዎች ጨመረ። ለግል ስልክ ይሁን። ለእድር ግን ስህተት ማብዛት ነው።

እኛ ዘንድ ዝምድናን በትክክል መጻፍ ሌላም ምክንያት አለው። ልጅ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ቤተሰብን በመጨረሻ ስም የሚሰበስብ የውጭ ሶፍትዌር አንዱን ቤት ሦስት ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ እናትን ከልጇ የሚያገናኝ ፊደል በስሙ ውስጥ የለም። መዝገቡ ካላገናኛቸው በወረቀት ላይ ባዕድ ናቸው።

«የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለውንም ዓምድ እናውጣው። ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደረገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። እኛ ለምን የድሮውን በአዲስ ማሽን እንጭናለን?

«ታዲያ ጾታ ለምን ያስፈልጋል?» ላላችሁኝ፦ መልእክት ለመጻፍ። «አርፏል» ወይስ «አርፋለች»? በስም መገመት አያዋጣም፤ ደስታ ወንድም ሴትም ነው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ማሽኑ «አርፈዋል» ብሎ በአክብሮት ይጻፍ። በለቅሶ ቀን ከመሳሳት አንቱታ ይሻላል።

በእናንተ እድር መዝገብ ላይ የልጆቻችሁ እናት ስሟ ከልጆቿ ጋር ተያይዟል? ወይስ «ከነባለቤቱ» ውስጥ ናት? ጸሐፊያችሁን ጠይቁና እዚህ ጻፉልኝ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤው እገባለሁ።