ዓባይ በረሃ ላይ የቆመችው ፒካፕ

ደጀን በምሥራቅ ጎጃም የምትገኝ ከተማ ናት። ከደጀን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የዓባይን በረሃ ይወርዳል። ወንዙን ይሻገራል። ከዚያም ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። መንገዱ ከከተማ እስከ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ላይ ደጋ ነው፤ ሰው ጋቢ ይደርባል። ታች ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። ወንዙ ላይ 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ አለ። ድልድዩ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ተከፈተ።

በ2009 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዚህ መንገድ ሄድኩ። የተሳፈርኩት ጤፍ በጫነች ፒካፕ ነው። ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ፣ አንድ አዛውንትና እኔ ነበርን። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ የምትችለው 10 ኩንታል ነው። የተጫነባት ግን 14 ኩንታል ነበር።

ጠዋት የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ ነበር። ጎማው ተሠርቶ ተመለሰ። ሾፌሩ ስለ ቸኮለ ረዳቱ ዳዶዎቹን በጥድፊያ አሰራቸው። ደግሞ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ቁልቁለቱን ጥቂት እንደ ወረድን ከኋላ «ቋ! ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ «ድንጋይ ነው» አለ። ወዲያው መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

አዛውንቱ «ልጄ፣ ኧረ አቁም! በሬም ሲያነክስ ይታያል እኮ» አሉ።

ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ የመንገዱ ዳር ሰፋ ብሎ ሜዳ ከሆነበት ላይ አቆመ። ወርደን አየን። ጎማው የሚታሰርባቸው ብሎኖች 6 ናቸው። ሦስቱ ተሰብረዋል። የቀሩት ዳዶዎች በጣት ይዞራሉ። ከፊታችን ገደል ነው።

ሾፌሩ «በቀሩት 3 ብሎኖች ቀስ ብለን ወንዙ ድረስ እንውረድ» አለ።

አዛውንቱም «6 ሰው የሚሸከመውን ቃሬዛ 3 ሰው ተሸክሞ ገደል ይወርዳል ወይ?» ብለው ጠየቁት።

ሾፌሩ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «እውነትዎን ነው አባባ» አለና ጭነቱን እንድናወርድ ለመነን።

ጤፉን አወረድን። በሌሎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ትልልቅ ድንጋይ አደረግን። ታምቡሩ እንዲወጣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ስለዚህ ድንጋዩ አስቀድሞ መደረግ አለበት። መኪናዋ በክሪክ ተነሣች። ጎማውና ታምቡሩ ወጡ። ሾፌሩ የተሰበሩትን ብሎኖች በመዶሻ ወደ ኋላ መትቶ አስወጣ። ያልተሰበሩትንም አስወጣ። እነሱም ብዙ ጭነት ስለ ተሸከሙ ተጎድተዋል፤ ነገ ይሰበራሉ።

ረዳቱ ወደ ደጀን ሊመለስ ተነሣ። አንዱን ብሎን ለናሙና ያዘ። የሚገዛውንም በወረቀት ጻፈ። አዛውንቱ ወረቀቱን ተቀብለው ፊደል በፊደል አነበቡት። «ብሎን 6 ይላል። ዳዶው የታለ?» አሉ። ረዳቱ ረስቶት ኖሯል። «ዳዶ 6» ብሎ ጨመረ። ያ ቃል ሌላ የግማሽ ቀን መንገድ አስቀረልን።

ብሎኖቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሾፌሩ አዲሶቹን ከኋላ አስገብቶ፣ ጥርሳቸው እስኪይዝ በዳዶ ሳባቸው። የአሮጌው ጎማ ቸርኬ ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር። ስለዚህ ተጠባባቂው ጎማ ገባ። ዳዶዎቹ በተራ በዙሪያው አልጠበቁም። አንዱ ከጠበቀ በኋላ ከፊት ለፊቱ ያለው ጠበቀ። መጨረሻ የጠበቁት ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው። ሾፌሩ መፍቻው ላይ በእግሩ አልቆመም። ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ተስቦ ይበጠሳልና።

አሁን የጫንነው 10 ኩንታል ብቻ ነው። የቀረው 4 ኩንታል በሌላ መኪና ተላከ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሾፌሩ ዳዶዎቹን ፈተሸ። ሁለቱ ጥቂት ላልተው ነበር፤ አጠበቃቸው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላም ደግሞ እንደሚያያቸው ነገረን።

አዛውንቱ ሲሰናበቱን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

አንባቢ ሆይ፣ በጭነት መኪና ስትሳፈር ጎማውን ተመልከት። የጎደለ ዳዶ ካየህ ለሾፌሩ ንገረው። ያልተለመደ ድምፅ ከሰማህም አስቁመው። አትፈር። ዝም ብሎ ገደል ከመግባት ተናግሮ መዘግየት ይሻላል።

ለመወያያ፦
1. ብሎኖቹ ለምን ተሰበሩ?
2. አዛውንቱ ማንበብ መቻላቸው ምን ጠቀመ?
3. በእናንተ አካባቢ መኪናዎች ከልክ በላይ ይጭናሉ ወይ? ምን ማድረግ ይቻላል?