የሐረር ገበያና የእኛ ደብተር

በዚህ ሳምንት ስለ ሐረር ከተማ እናወጋችኋለን። ሐረር ያደርነው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ በላን፣ ጠጣን፣ ገበያ ወጣን፣ ሳቅን። ማታ ላይ ግን ልንጣላ ትንሽ ቀረን። ነገሩ እንዲህ ነው።

እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ሁላችንም የሂርና አካባቢ ገበሬዎች ነን፤ ጎረቤታሞችም ነን። ጅጅጋ የሚኖር አብሮ አደጋችን ልጁን ሊድር ጠራን። «እናቴም ልታያችሁ ትፈልጋለች» ብሎ ላከብን። እኚህ እናት ልጆች ሳለን ከልጃቸው ጋር በአንድ ገበታ ያበሉን ናቸው። ታዲያ ማን ይቀራል?

የሙሽሮቹን ስጦታ አስቀድመን ልከን ነበር። ለእናታችን ግን «ቀሚስ ሳንይዝ አንሄድም» ተባባልን። እያንዳንዳችን 1,200 ብር አዋጣን። አምስት ጊዜ 1,200 ሲባዛ 6,000 ብር ሆነ። የመመለሻውን ሁሉም በየኪሱ ያዘ።

የጋራውን ብር ታላቃችን ያዙ። በዕድሜ ስለሚበልጡን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ደብተሩን ደግሞ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ያዘች። ፊደል ከቆጠረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፤ መስመርም ይስታሉ። ግን ይነበባሉ። «ኧረ ለሁለት ቀን መንገድ ደብተር ምን ያደርጋል?» ብለን ቀለድንባት። እሷ መልስ አልሰጠችንም። እርሳሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መኪና ላይ ወጣች።

ከሂርና የተነሣነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። መንገዱ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። ግራና ቀኙ የማሽላና የጫት ማሳ ነው። በጨለንቆ፣ በቁልቢ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አልፈን ሐረር ስንገባ ረፋድ ሆኗል። መኪናው ለአንድ ሰው 300 ብር፣ ለአምስታችን 1,500 ብር አስከፈለን። እኅታችን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች። «መኪና 1,500።»

ሠርጉ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስለዚህ ሐረር አድረን በጠዋት ወደ ጅጅጋ ልንሄድ ተስማማን። ከግንቡ ውጭ ካለች አንዲት ትንሽ ማደሪያ ዕቃችንን አስቀመጥን። ቀኑ ሙሉ የእኛ ሆነ።

ጀጎል

አሮጌው የሐረር ከተማ ጀጎል ይባላል። ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ከተሠራ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቁመቱ 4 ሜትር ያህል ነው። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። እነሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ዘግይቶ ለመኪና መግቢያ የተከፈተ ሌላ በርም አለ።

በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። አንዳንዱ ቦታ አህያ ጭነት ይዞ ከመጣ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፈዋል። ግድግዳዎቹ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ተቀብተዋል። ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህም ማለት ከተማው ለሐረር ሰው ብቻ ሳይሆን ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ተጠብቆ መቆየት አለበት ማለት ነው።

ሐረር ጥንትም የንግድ ከተማ ናት። ለረጅም ዘመን በራሷ አሚር ትተዳደር ነበር። የራሷም መሐለቅ ነበራት። ዛሬም በገበያዋ ውስጥ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ይሰማል። ሻጩ ገዢውን አይቶ ቋንቋ ይለውጣል። እኛን በኦሮምኛ ጀመሩን፤ ዋጋ ላይ ስንደርስ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

ፈጢራ

በመጀመሪያ የሄድነው ፈረስ መጋላ ወደሚባለው አደባባይ ነው። «መጋላ» በሐረሪኛ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ መጋላ እንግዲህ የፈረስ ገበያ ነው። ዛሬ ፈረስ አይሸጥበትም። ስሙ ግን ቀርቷል።

እዚያ አጠገብ አንዲት ሴት ፈጢራ ትጋግራለች። ሽታው ከሩቅ ጠራን። ፈጢራ እንዴት እንደሚሠራ ቆመን አየን። ሊጡን ዘይት በተቀባ ሰሌዳ ላይ በመዳፏ ትዘረጋዋለች። ሊጡ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ግን አይቀደድም። እንቁላል ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር መትታ መካከሉ ላይ ታፈሳለች። አራቱንም ጫፍ አጥፋ አራት ማዕዘን ታደርገዋለች። ከዚያ ዘይት በጋለበት ብረት ምጣድ ላይ ታገላብጠዋለች። ጣፋጭ ለሚወድ ማር ታፈስበታለች።

አምስታችን አምስት ፈጢራ በላን። ሻይም ጠጣን። ፈጢራው 350፣ ሻይው 70 ብር ነው። በድምሩ 420 ብር ሆነ። ጋሼ ሦስት ባለ 200 ብር ሰጡ። ሴትዮዋ መቀነቷን ፈታ ብታይ ዝርዝር የላትም።

«አብሽሩ» አለችን። «ስትመለሱ ትወስዳላችሁ። እኔ የትም አልሄድ።»

በሐረር «አብሽር» ማለት «አይዞህ፣ አታስብ» ማለት ነው። እኛም አብሽረን ሄድን።

መኪና ግርግር

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወስድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ስሙ መኪና ግርግር ነው። ስሙን ስንሰማ መኪና የሚበዛበት መስሎን ነበር። ኋላ ገባን። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ግርር፣ ግርር ይላል መንገዱ። ከጎናቸው ጨርቅ ሻጮች አሉ። ጨርቁን ከአንዱ ትገዛለህ፤ ሌላው ወዲያው ይሰፋልሃል።

ለእናታችን ድሪያ መረጥን። ድሪያ በምሥራቅ አገር ሴቶች የሚለብሱት ስስና ሰፊ ቀሚስ ነው። ሰፊ ስለሆነ ብዙ ልክ አይፈልግም። አረንጓዴ ይሁን ቢጫ በሚለው ሴቶቹ ተከራከሩ፤ ወንዶቹ ዝም አልን። አረንጓዴው አሸነፈ። ነጋዴው ሜትሩን 300 አለን። ተከራክረን 250 ላይ ቆመ። 4 ሜትር ወሰድን። ሲለካ በሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ራሳችን አነበብን። አራት ጊዜ 250፣ 1,000 ብር ነው። ለሰፊው ደግሞ 300 ብር ከፈልን። ሻይ ጠጥተን እንኳ ሳንጨርስ ድሪያው ደረሰ። ሻዩን ሰፊው ጋበዘን።

ከዚያ ግድር መጋላ ደረስን። ግድር በሐረሪኛ ትልቅ ማለት ነው። እዚህ ሥጋ ይሸጣል። ጭልፊቶች ከላይ ይዞራሉ። ከፊታችን አንድ ሰው ሥጋ በእጁ አንጠልጥሎ ሲወጣ ጭልፊት ቁልቁል ወረደና ነጥቆት ሄደ። ሰውየው ባዶ እጁን አየ፤ ሰማዩን አየ። ገበያው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እዚያ አገር ሥጋ የገዛ ሰው በዘንቢል ሸፍኖ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ታናሻችን «ለሠርግ ቤት ጣፋጭ ይዘን እንግባ» አለ። ጋሼ 500 ብር ሰጡትና ብቻውን ሄደ። ግማሽ ኪሎ ሐላዋ በ200 ብር፣ አንድ ኪሎ የባቢሌ ለውዝ በ240 ብር ገዛ። 60 ብር መልሶ ሰጠ። ተገናኝተን በሸዋ በር ወጣን። በመጣንበት በፈረስ መጋላ አልተመለስንም። ልብ በሉ።

የማታው ሒሳብ

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላ ሰው አየን። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ላይ አድርጎ ለጅቡ ይሰጠዋል። ጅቡም እንደ ውሻ ቀርቦ ይወስዳል። በግንቡ ሥር ለጅብ መተላለፊያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ። ጅቦቹ ሌሊት በዚያ ገብተው የተጣለውን ቅንጥብጣቢ ያጸዳሉ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኛ አገር ጅብ አህያ ይበላል፤ የዚህ አገር ጅብ ይጎረሳል» አሉ።

ማደሪያችን ስንመለስ የቤቱ ባለቤት ሐሸር አቀረቡልን። ሐሸር ከቡና ገለባ የሚፈላ መጠጥ ነው። እሱን እየጠጣን ጋሼ ብሩን ቆጠሩ። የራቱ፣ የአልጋውና የጅጅጋው መኪና ገና ይከፈላል። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«2,160 ነው። ይጎድላል» አሉ።

ማንም አልተናገረም። ዓይን ግን ይናገራል። ዓይናችን ሁሉ ወደ ታናሻችን ሄደ። 500 ብር ይዞ ብቻውን የሄደው እሱ ነዋ! እሱም ገባው። ፊቱ ጠቆረ። ኪሱን ገልብጦ መሬት ላይ ዘረገፈ። «በሉ ፈትሹኝ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሼም በበኩላቸው «ብሩ በእኔ እጅ ነው ያለው፤ የጣልኩት እኔ እሆናለሁ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። አብረን አድገናል፤ አብረን አርሰናል። ለጥቂት ብር ሁለት ሰው በመካከላችን አፈረ።

ያን ጊዜ እኅታችን «ቆይ እስቲ» ብላ ደብተሯን ወደ ፋኖሱ አስጠጋች። በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች።

መኪና 1,500
ፈጢራና ሻይ 420
ጨርቅ 1,000
ስፌት 300
ሐላዋ 200
ለውዝ 240
ድምር 3,660

«ከ6,000 ላይ 3,660 ሲቀነስ 2,340 መቅረት አለበት» አለች። «ያለው 2,160 ነው። የጎደለው 180 ነው።»

ከዚያ ወደ ሁለተኛው መስመር ተመለሰች። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል የጻፈችው ነገር አለ። «የሰጠነው 600» ይላል። ከ600 ላይ 420 ሲቀነስ ስንት ነው? 180!

«እንዴ! የፈጢራው መልስ!» ብለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን።

አምስታችንም ረስተነው ነበር። ያልረሳው ወረቀቱ ብቻ ነው። ታናሻችን ሳቀ፤ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጋሼ ተነሥተው ትከሻውን ያዙት። «ይቅር በለን ልጄ። በአፋችን ባንልም በልባችን ብለናል» አሉት። እሱም «ተዉ ጋሼ፣ አልፏል» አላቸው።

በማግስቱ

ጠዋት መኪናችን ሳይነሣ ወደ ፈረስ መጋላ ሄድን። በልባችን ትንሽ ጥርጣሬ ነበረ። ትላንት ስንቱን ሰው አስተናግዳለች! ታስታውሰን ይሆን?

ገና ከሩቅ ስታየን «የት ጠፋችሁ? እስከ ማታ ጠበቅኳችሁ» አለች። ከመቀነቷ ውስጥ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። ፈታችው። ሳትቆጥር ለጋሼ ሰጠቻቸው። ጋሼ ቆጠሩ። 180 ብር ነው። አንድ ብር አልጎደለም።

«እንዳልረሳው ለብቻው ቋጥሬው ነው። እኔ ሒሳቤ ቋጠሮ ነው» አለች።

እኅታችን ደብተሯን አሳየቻት። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳቁ። በጨርቅ የተያዘው ሒሳብና በወረቀት የተያዘው ሒሳብ አንድ ሆነ። ለመንገዳችን አምስት ፈጢራ አስጋገርን። በዚህ ጊዜ 350 ብር ቆጥረን፣ ሳይተርፍ ሳይጎድል ሰጠን። እኅታችንም ጻፈችው።

ጅጅጋ በሰዓቱ ደረስን። እናታችን አረንጓዴውን ድሪያ ለብሰው ከሙሽራዋ ጎን ተቀመጡ። ከሐላዋው ለታናሻችን በእጃቸው አጎረሱት። የማታውን ነገር አልነገርናቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?

ውድ አንባቢዎች፣ እናንተም ሐረር ብትሄዱ ፈጢራውን ቅመሱ፤ መኪና ግርግርን እዩ፤ ሥጋችሁን ከጭልፊት ሸፍኑ። ስትሄዱ ግን ደብተርና እርሳስ ያዙ። የሰጣችሁትንና የተቀበላችሁትን ጻፉ። ደብተር የሚያዝ ባልንጀራን ባለማመን አይደለም። ባልንጀራን በከንቱ ላለመጠርጠር ነው።

ከላይ ያለውን ሒሳብ እናንተም ደምሩት። ከዚያም ይህን ጥያቄ መልሱ፦ መልሱን ተቀብለን፣ ለመንገድ የገዛነውንም ፈጢራ ከፍለን፣ ስንት ብር ቀረን? የራቱንና የአልጋውን ለጊዜው ተዉት።